ያልተጠጣው ሲኒ

ናይፍ እግሩ አልረጋ አለ። በዓረብ አገር፣ ከከረክ ከተማ አጠገብ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ የማዘጋጃ ቤቱን የፌስቡክ ገጽ ዓመታት ሙሉ የሚጽፈው እሱ ነበር። ውሃ ሲጠፋም፣ መንገድ ሲዘጋም ሰው መጀመሪያ የሚያየው የእሱን ጽሑፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን አዲስ ደንብ ወረደ። ከእንግዲህ አንዲት መስመር እንኳ ያለ አለቃው ያለ አቡ ሱሄይል ፈቃድ አትወጣም፤ የይለፍ ቃሉም በእሳቸው ስልክ ላይ ብቻ ነው። ሥርዓት እንዲኖር ነው ተባለ። ደንብ ምን ገዶት፣ የተጠማውን አያውቀው።

ዛሬ ዓርብ ከሰዓት የውሃው መሐንዲስ ደወለለት። በታችኛው ሰፈር ጉድጓድ የእርሻ መርዝ ገብቷል፣ ቢያፈሉትም አይለቅም፤ ፓምፑን ቢዘጋውም ሰዉ ከጠዋት ጀምሮ ጣሪያው ላይ ያለውን ታንከር ሲሞላ ውሏል። ናይፍ እዚያ የምትኖር እህቱን ደውሎ አስጠነቀቀ። የሌላውስ ሰው ልጅ? ወደ አለቃው ቤት ሮጠ።

አቡ ሱሄይል ላይኛው ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎችን እየተቀበሉ ነበር። ስልካቸውን ዘግተዋል። ናይፍ በሩ ላይ ደርሶ ጆሯቸው ሥር አንሾካሾከ።

"ጌታዬ፣ አንድ አስቸኳይ ማስታወቂያ ነበረኝ።"

"ዛሬ ልጄን ነው የምድረው። ማስታወቂያ ኮሚቴ አለው፣ እሑድ ይሰበሰባል።"

"እሑድ ድረስ እኮ..."

"ናይፍ፣ በሰው ፊት አታሳፍረኝ። ግባና ተቀመጥ።"

ገባ። ቡና ተቀዳ። የሙሽራው ወገን ታላቅ፣ ሼኽ ሚቅዳድ፣ ሲኒያቸውን ሳይቀምሱ ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው ልጅቷን ጠየቁ።

"ቡናዎን ይጠጡ፣ የጠየቁትን አግኝተዋል" አሉ አቡ ሱሄይል። ከመጋረጃው ጀርባ እልልታው ቀለጠ፤ ሰው ሁሉ ጠጣ።

ናይፍ ግን ሲኒውን ሳይቀምስ ፊቱ አስቀመጠ። ወሬው እየከሰመ ሄደ። ቡናውን ያልጠጣ እንግዳ ጥያቄ አለው፤ ያልመለሰለት ባለቤት ደግሞ ቤቱ ይዋረዳል።

"አቡ ሱሄይል፣ ሌላ ሴት ልጅ አለህ እንዴ?" አለ አንዱ፤ ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

"ጠጣ" አሉ አቡ ሱሄይል ጥርሳቸውን ነክሰው።

"ጥያቄ አለኝ።"

"በል ተናገር።"

"ገጹን ይክፈቱልኝ። የታችኛው ሰፈር ውሃ ተመርዟል፣ ሰዉ እየጠጣ ነው።"

ሳቁ ቀጥ አለ። አቡ ሱሄይል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

"ደንቡ እኮ..."

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው" አሉ ሼኽ ሚቅዳድ። "ስጠው እንጂ፣ አንተ ሰው። ደንቡ ሊቀብራቸው ነው?"

ያኔ ከመጋረጃው ጀርባ የአቡ ሱሄይል ሚስት የኡም ሱሄይል ድምፅ ተሰማ።

"አንተ ሰውዬ፣ ታንከራችን አልቆ ጠዋት በቦቴ ያስመጣኸው ውሃ ከታችኛው ሰፈር አይደለም እንዴ? ቡናውን ያፈላነው በእሱ ነው።"

ናይፍ ደነገጠ፤ ላይኛው ሰፈር የሚጠጣው ከሌላ ጉድጓድ መሆኑን ነበር የሚያውቀው። አቡ ሱሄይል ባዶ ሲኒያቸውን አዩ፤ ከዚያ የሽማግሌዎቹን። ስልካቸውን ከፍተው ለናይፍ አቀበሉት። ክፍሉ ውስጥ ሙሉ ሆኖ የቀረው የናይፍ ሲኒ ብቻ ነበር።