በዕድሜ የበለጠኝ ልጄ

ልጄ ብስራት ቡድኑ ባሸነፈ ቁጥር አምስት ዓመት ያረጅ ነበር። እሱ ብቻም አይደለም፤ በዚያው ዓመት አብረውት የተቀጠሩት ስድስት አዳዲስ ተጫዋቾችም እንደዚያው። ሲሸነፉ ምንም አይሆኑም።

ጨዋታው የአሜሪካኖቹ እግር ኳስ ነው፤ ያንን እንቁላል የመሰለ ኳስ በእጅ ታቅፈው የሚሮጡበት። በቡድኑ ውስጥ በእግሩ እንጀራ የሚበላ ሰው ቢኖር የእኔ ልጅ ነው። ሥራው ኳሷን በሁለቱ ረጃጅም ብረቶች መሀል መትቶ ማሳለፍ ነው። ቡድኑ አራት ዓመት ሙሉ እዚህ አሜሪካ የምንኖርበት ከተማ መሳቂያ ነበር፤ አውቶቡስ ስነዳ ተሳፋሪው ሲሰድባቸው እሰማለሁ። ሰባቱ ልጆች ከኮሌጅ ሲመጡ ግን ማሸነፍ ጀመሩ።

ከመጀመሪያው ድል በኋላ የብስራት ፂም ሞላ። እናቱ እታገኝ ድካም ነው አለች። ከሦስተኛው በኋላ ፀጉሩ ሲሳሳ እሷም ድካም ነው ማለቷን ተወች። አሰልጣኙ በጣም ደስ ብሎት ነበር፤ አዲስ ልጅ ልምድ የለውም የሚሉት ጋዜጠኞች አፋቸውን ያዙ። እኔ ለክለቡ ደብዳቤ ጻፍኩ። ልጆቹ ከልባቸው እየሠሩ መሆናቸውን ገልጸው፣ ስላሳደግኩት አመስግነው መለሱልኝ።

በስድስተኛው ድል እኩያዬ ሆነ፤ ሁለታችንም ሃምሳ ሁለት። በሰባተኛው ማግስት ቤት ሲመጣ ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

«ይቀመጡ» አልኩት።

ምን ላድርግ፣ በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰው አንተ ብዬ አላውቅም። እሱም አመስግኖ ተቀመጠ። እታገኝ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ቆየችና ወጥታ፣ እኔ ነኝ የወለድኩት፣ እስከ መቶ ዓመቱ አንተ ነው የምለው አለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አልሆነልኝም። እንደዚያ ቀን አዝኜ አላውቅም።

ለዋንጫው ጨዋታ ሲደርሱ ሰባቱም ሰማንያን አልፈው ነበር። የክለቡ ሐኪም ልባቸውን አዳምጦ፣ ከእንግዲህ አምስት ዓመት የሚችል ልብ የለም ሲል በጽሑፍ አሳወቀ። ትኬቱ ግን ተሸጦ አልቋል።

ሦስት ሰከንድ ሲቀር በአንድ ነጥብ ተበልጠው ነበር። የቀረው ሦስት ነጥብ የሚያስገኘው የብስራት ምት ብቻ ነው። ወደ ሜዳው አጥር ወርጄ ጠራሁት፤ ቀስ እያለ መጣ።

«እባክዎ ይሳቱት» አልኩት። «ነፋስ ነው ይባላል። ማንም አያውቅም።»

በተሸበሸበ እጁ ጉንጬን ዳሰሰኝ።

«ስድስቱ ሽማግሌዎች በዚህ ጉልበታቸው ኳሷን እዚህ ድረስ ተሸክመው አምጥተውልኛል፣ ልጄ» አለኝ። «እንዴት አድርጌ እስታለሁ?»

ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። ሮጬ እንዳልይዘው አጥሩ ከለከለኝ።

መታት። ኳሷ በብረቶቹ ልክ መሀል አለፈች፤ ሰባ ሺህ ሰው ከመቀመጫው ተነሳ። ሜዳው ላይ ሰባት ባዶ መለያዎች ቀሩ። አልወደቁም፤ ሰው እንደለበሳቸው ቀጥ ብለው ቆመዋል። እታገኝ አጥሩን ተሻግራ ገባች፤ ማንም አልከለከላትም። ብርድ ስለነበር ካፖርቷን አውልቃ በልጇ መለያ ትከሻ ላይ ደረበችለት፣ ቁልፎቹንም እስከ አንገቱ ቆለፈችለት። ከካፖርቱ ሥር የቀኝ እጅጌው ባዶውን ወጣ፤ ቀስ ብሎ ተነሳና ለሕዝቡ ሰላምታ ይሰጥ ጀመር።