ለቀይዋ ድንጋይ የተለመነ አስር ቀን

የለጢፋ አባት ኢስሃቅ ድንጋይ ያሽከረክራሉ ሲባል የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። አወቱ መንደራ በሚባለው ሰፈራቸው ውስጥ ያልሳቀባቸው የለም። የጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ መፈልፈያ ማሽን ሜካኒክ ናቸው፤ ማሽኑ እንጀራቸው፣ ድንጋዩ ፍቅራቸው ነው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጡን በመኪና ጎማ ላስቲክ አልብሰው ማሽኑ ከሚያዞረው ዘንግ ላይ አስረውታል። ቡናው ሲፈለፈል ቆርቆሮውም ጠጠርና አሸዋ ከነውሃው ይዞ ይዞራል፤ ጠጠሩም እየተፋተገ ይለሰልሳል። አሸዋው መጀመሪያ ሻካራ፣ ቀጥሎ የላመ፣ በመጨረሻ የቡና ገለባ ብቻ ይሆናል። አንዱ ዙር ሳያልቅ ክዳኑ አይከፈትም። "የቸኮለ ድንጋይ አያሳምርም" ይላሉ፤ ራሳቸው ግን ጆሯቸውን ቆርቆሮው ላይ ሊለጥፉ ምንም አይቀራቸውም።

ጠጠሩን የምታመጣላቸው ለጢፋ ናት። መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች፤ ሌሎቹ ሴቶች ከቡናው መሃል ያወጡትን ጠጠር ሲጥሉ እሷ በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ትገባለች። ቀይዋን ድንጋይ ግን ከአወቱ ወንዝ ዳር ያነሳት ወንድሟ ቲጃኒ ነው። "ይቺ ለሚስቴ ቀለበት ትሆናለች" ብሎ ለአባቱ ሰጣቸው። የትኛዋ ሚስት እንደሆነች እሱም አያውቅም። በወሩ ከአጋሮ ገበያ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ሄደ። አባቱ ድንጋይዋን በመሃረብ ጠቅልለው ሁለት ዓመት አቆዩዋት። በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት የቡና ወቅት፣ ሊለቀቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ "ሲመጣ ትድረስለት" ብለው ቆርቆሮው ውስጥ ከተቷት።

በጥር አንድ ጠዋት የሰፈራቸው ልጅ ፈይሳ በክራንች ተደግፎ መጋዘኑ በር ላይ ለጢፋን ጠበቃት። ከቲጃኒ ጋር ነበር የዘመተው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም። "አጠገቤ ነው የወደቀው" አላት፣ "የቀበርኩትም እኔው ነኝ።"

መርዶ በዘመድ ሽማግሌ፣ በማለዳ ይነገራል እንጂ ልጅ ለአባቷ አትነግርም። ለጢፋ ዕለቱን አጋሮ ሄዳ ለአጎቷ ለአባቦራ ነገረች። አባቦራ አልቅሰው ሲያበቁ በማግስቱ ሽማግሌ ይዘው ሊመጡ ተነሱ።

"አስር ቀን ይስጡኝ" አለቻቸው። "ድንጋይዋ የመጨረሻው ዙር ላይ ናት። ስትወጣ አባ አይተው ይደሰቱ። ከዚያ ወዲያ የሚደሰቱበት ነገር የላቸውም።"

"መርዶ ሲያድር ይከብዳል፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።"

"እኔ እሸከመዋለሁ።"

"ማል ጎና" አሉ አባቦራ በመጨረሻ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው።

እሸከመዋለሁ ማለቱ ቀሎ ነበር። መንደሩ በሁለት ቀን ውስጥ ሁሉን ሰማ፤ የማያውቁት አባትየው ብቻ ሆኑ። እሳቸው ደግሞ እንደዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ማታ ማታ እራት ላይ፣ "ቀለበቱ በብር ይሻላታል በወርቅ?" ይሏታል። "በብር፣ አባ" ትላለች። ቀን ቀን መጋዘን ውስጥ ቡናው ላይ አቀርቅራ ታለቅሳለች፤ ጎረቤቷ መድና ድርሻዋን ትለቅምላታለች።

በአስረኛው ቀን ክዳኑ ተከፈተ። ድንጋይዋ እንደ በሰለ ቡና ቀልታ፣ ለስልሳ ወጣች። ኢስሃቅ በየቤቱ ይዘዋት ዞሩ። ሰዉ ተቀብሎ ማሻአላህ ይላል፤ ዓይናቸውን ሳያይ ይመልስላቸዋል። እሳቸው የድንጋይዋ ውበት ሰዉን አፉን ያስያዘው መሰላቸው። በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ አባቦራ ሽማግሌ አስከትለው በሩን አንኳኩ።

ኢስሃቅ አልጮሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ለቀስተኛ ሲቀበሉ፣ አላህ ያጽናዎት ሲባሉ አሚን ሲሉ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ቤቱ ጭር ሲል፣ ከለቀስተኛው ወሬ የሰሙትን ይዘው ለጢፋን ጠሯት።

"ፈይሳ የነገረሽ መቼ ነው?"

መዋሸት አማራት። አልቻለችም። "መርዶው ከመነገሩ አስር ቀን በፊት ነው፣ አባ። ድንጋይዋን አይተው እንዲደሰቱ ብዬ ነው።"

"እንደዚያ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ።" ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ ቁጣ ቢኖረው በተሻላት። "ከዚያ በፊት የነበረው ባለማወቅ ነው፤ አላህ ይቅር ይለኛል። አስሩን ቀን ግን በየሶላቱ እጄን ዘርግቼ፣ ያ ረቢ በሰላም መልስልኝ እል ነበር። አንቺ ከኋላዬ ሆነሽ አሚን ትያለሽ። ልጄ አፈር ውስጥ ሆኖ ከአባቱ አንድ ‹አላህ ይማረው› ሲጠብቅ፣ እኔ ደህና ግባ እለዋለሁ።"

ለጢፋ አስሩን ቀን ሙሉ ያሰበችው ለአባቷ ነበር። ቲጃኒም ከአባቱ የሚፈልገው ነገር እንዳለ ለአፍታ እንኳ ትዝ አላላትም። ይህን ስታውቅ ወንድሟ እንደገና የሞተ ያህል ሆነባት።

የመግሪብ አዛን ተሰማ። ለውዱእ ውሃ የምታፈስላቸው ከልጅነቷ ጀምሮ እሷ ናት፤ ተነስታ ማንቆርቆሪያውን አነሳች። አባቷ ከእጇ ወሰዱትና፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ ራሳቸው እያፈሱ ታጠቡ።