ከረታ ፎቶ ጀርባ

ጥሩወርቅ ጠዋት ምግብ ቤቷን ስትከፍት፣ መብራት ከማብራቷ በፊት የባሏን ፎቶ ታቃና ነበር። ፎቶው የካሸሩ ባንኮኒ ላይ፣ ከካርድ ማሽኑ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ጥጉ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበታል፤ ከጎኑ ትኩስ ጽጌረዳ የማይጠፋበት የአበባ ማስቀመጫ አለ። ረታ በፎቶው ላይ ቀልድ ተናግሮ የሰው ሳቅ የሚጠብቅ ይመስላል። በሕይወት እያለም ፊቱ እንዲሁ ነበር።

ፊቱን ወደ በሩ አድርጋ ታስቀምጠዋለች፤ እንግዳ መቀበል ይወድ ስለነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ስታየው ግን ፎቶው ዘወር ብሎ ማሽኑን ይመለከታል። ታቃናዋለች፤ በማግስቱም ያው ነው።

ይህን ለማንም አላወራችም። ሙት ዓመቱ ገና አልደረሰም፤ ሐዘን ደግሞ ሰውን ምልክት ፈላጊ ያደርጋል። «ሄደህም ሂሳብህን አትተውም አይደል?» ትለዋለች በሆዷ። ያን ቀን ሥራው ቀለል ይላታል።

ምግብ ቤቱ በሰው አገር፣ ኪሊማኒ በሚባል ሰፈር ነው። ባልና ሚስት ሆነው ከአንዲት ጠባብ ክፍል ተነስተው ያሳደጉት ቤት ነው። ረታ ያወጣው አንድ ደንብ ነበረው። በእጁ የበላ እንግዳ ሊታጠብ ሲነሳ ካርዱን በግራ እጁ ለአስተናጋጇ ይሰጣል፤ ታጥቦ ወንበሩ ላይ ሲመለስ ካርዱና ደረሰኙ በትንሽ ሰሃን ላይ፣ ከስቴኪኒ ጋር ይጠብቁታል። «ወጥ በነካው እጁ ኪሱን እየዳበሰ አይሰለፍም። ይሄ ቤት እንጂ ባንክ አይደለም» ይል ነበር። ካርዱን ማሽኑ ላይ ጠጋ አድርጎ ብቻ መክፈል ከመጣ ወዲህ ደግሞ ደንቡ ይበልጥ ተመቸ። የሰፈሩ የድርጅት ሠራተኞች ወደዱት፤ ወዳጆቻቸውን ሲያመጡ መጀመሪያ የሚያሳዩት ይህንኑ ነበር።

ረታ ከሞተ በኋላ ጥሩወርቅ መጋረጃ ቀይራለች፣ ሰሃን ቀይራለች፤ ደንቡን ግን አልነካችም። እሱን መንካት ረታን ሁለተኛ መቅበር መሰላት።

እንግዲህ አንድ ቀን ከባንኩ ክራባት ያሰረ ሰውዬ መጣ። በትህትና ነው የተናገረው። እዚህ በልተው የሄዱ ሰዎች የካርድ ቁጥራቸው ተሰርቋል። ካርዱ ኪሳቸው ውስጥ እያለ፣ ረግጠውት በማያውቁት አገር ሰው በቁጥሩ ጫማና ስልክ እየገዛበት ነው።

«ቁጥሩን የሚወስደው ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ነው» አለ። «ካልቆመ ማሽኑን እንወስዳለን። ከእኛ በኋላ የሚመጣው ፖሊስ ነው።»

ሰውዬው ሲሄድ ጥሩወርቅ ቁጭ ብላ አሰበች። ካርድ የሚነካው ከእሷ ሌላ ሁለት ሰው ነው፤ ካሸሩ ኤልሻዳይና አስተናጋጇ ሚዛን።

ኤልሻዳይን ረታ ነው ከሞያሌ አምጥቶ ሥራ ያስያዘው። ረታ በሞተ ጊዜ ሬሳው ላይ ካልወደቅሁ ብሎ ሰው ነው የያዘው። ሰኞ ሰኞ ጽጌረዳውን ከመንገድ ዳር እየገዛ የሚቀይረውም እሱ ነው፤ ያውም ከራሱ ኪስ። ሚዛን ደግሞ ዝምተኛ ናት። በለቅሶው ሦስት ቀን ሙሉ ጥሩወርቅ አንዲት ዘለላ እንባ አላየችባትም። ያ ነገር ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ አሁን ተነሳ።

«ሚዛንዬ» አለቻት በማግስቱ፣ «ነገሩ እስኪጣራ ድረስ ቤትሽ ዕረፊ።»

ሚዛን ሽርጧን መፍታት ጀመረች። «እኔ ነኝ ብለው ነው፣ እትዬ?»

«እንደዚያ አልወጣኝም።»

«ኤልሻዳይም ያርፋል?»

ጥሩወርቅ ዓይኗን ወደ ጽጌረዳው አዞረች።

«ገባኝ» አለች ሚዛን። ሽርጡን አጥፋ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ወጣች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ወሬው ቀድሞ ደርሶ ነበር። የሚዛን ስም ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው እየተላለፈ፣ ከቅዳሴ መልስ ሌባነቷ ያለቀለት ነገር ሆነ። ልጅቷ ሌላ ሥራ ልትጠይቅ የሄደችበት ሐበሻ ሁሉ ቦታ የለም አላት።

አቶ ገብረኣብ ምሳቸውን ሊበሉ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። የአስመራ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸውን የተማሩት ድሮ መርካቶ የመኪና ዕቃ ሲሸጡ ነው። ከረታ ጋር በየቀኑ ዳማ ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ።

«ያቺ ልጅ የት ሄደች?» አሉ።

ጥሩወርቅ ነገረቻቸው። ሽማግሌው ጉርሻቸውን ሰሃኑ ላይ መለሱት።

«አይተሻት ነው?»

«አላየሁም። ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለም፣ ጋሼ?»

«ይባላል። ጠርጣሪው ለመነጠረው ሰው ግን እስካሁን ማንም ተረት አላወጣለትም።» ጉርሻቸውን መልሰው አነሱ። ሲወጡ እንደ ወትሮው «ረታን ሰላም በይልኝ» አላሉም።

ብዙ ሳይቆይ ሙርሺዳ መጣች። ሙርሺዳ የሞምባሳ ልጅ፣ ዌስትላንድስ ሰፈር የምትሠራ ጠበቃ ናት፤ የረታን ሽሮ ሳትበላ ሳምንት አያልፋትም። ያን ቀን ግን ለመቀመጥ አልመጣችም። ቀጥ ብላ ባንኮኒው ጋ ሄዳ አንድ አዲስ ካርድ አስቀመጠች።

«ማማ፣ ይህን ካርድ ባንኩ የሰጠኝ የአሮጌው ቁጥር እዚህ ስለተሰረቀብኝ ነው። ሆን ብዬ ከእናንተ ቤት በቀር የትም አላወጣሁትም። ዛሬ ጠዋት የእሱም ቁጥር ተሰረቀ።»

«ሚዛን እኮ የለችም» አለች ጥሩወርቅ፣ አፏ ቀድሟት።

«ሚዛን ምን አገባት? ባለፈው ካርዱን ከእጄ የተቀበልሽኝ አንቺ ነሽ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ፖሊስ ጋ ከመሄዴ በፊት ወዳንቺ የመጣሁት ለእሱ ብዬ ነው።» በአገጯ ወደ ፎቶው አመለከተች። «እስከ ነገ ድረስ። ከዚያ በኋላ ጓደኝነት አይደለም፤ ሥራዬ ነው።»

ሙርሺዳ ወጣች። ምሳ ሰዓት አልፎ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ኤልሻዳይ ጓሮ ምሳውን እየበላ ነው። ጥሩወርቅ ባንኮኒው ፊት ቆማ ቀረች። ረታ እንደ ወትሮው ዘወር ብሎ ማሽኑን ያያል።

«ይህን ሁሉ ቀን የምታየው ምንድን ነው?» አለችው። ሐዘንተኛ የሚያደርገውን ሌላ ሰው አያደርገውም፤ እሱ የሚያየውን ለማየት ጎንበስ ብላ ጉንጯን ከፎቶው ጎን አስጠጋች፣ ልክ በሕይወት እያለ ጋዜጣውን ከትከሻው በላይ እንደምታነብበት።

ጉንጯን አንድ ሙቅ ነገር ነካው።

ከፎቶው ጀርባ፣ በጽጌረዳው ግንዶች መሃል ስልክ ቆሟል። ካሜራው በክፈፉ ጠርዝ አልፎ፣ ካርዶቹ ማሽኑ ላይ ከመጠጋታቸው በፊት የሚቀመጡባትን ቦታ ያያል። እየቀረጸ ነበር። ፎቶው ዘወር ካላለ ስልኩ ከአዳራሹ ይታያል፤ ዘወር ሲል ግን ረታ ይሸፍነዋል።

ጥሩወርቅ ስልኩን አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፣ ፎቶውን ወደ በሩ አቃናች፤ ከዚያ በኤልሻዳይ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ በሆዷ ያወራችው ጨዋታ፣ የማንን እጅ ሥራ ስታመሰግን እንደነበር ሲገባት ፊቷ በሐፍረት ጋለ።

ኤልሻዳይ እጁን እየጠረገ ገባ፣ ስልኩን አየ፣ ቆመ።

«እትዬ፣ ሶሪ...»

«በአማርኛ ንገረኝ።»

ተናገረ። ዌስትላንድስ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ የተዋወቀው ሰው ነበር። የካርዱን ፊትና ጀርባ ብቻ ላክልኝ አለው፤ ቁጥሩን በቴሌግራም ለሌሎች የሚሸጠው ያ ሰው ነው። «ሰው አይጎዳም አለኝ። ለባለካርዶቹ ባንኩ ይመልስላቸዋል አለኝ።»

«እሺ፣ እነሱን ባንኩ ይመልስላቸው። ሚዛንን የትኛው ባንክ ነው የሚመልስላት?»

ልጁ ወለሉን አየ። «ለጋሽ ረታ ያለቀስኩት ግን የእውነቴን ነው» አለ።

«አውቃለሁ» አለች ጥሩወርቅ። ያወቀችውም እውነቷን ነበር። «እኔ እንባ ካፈሰሰ ሰው ክፋት አይወጣም ብዬ ነው የተሳሳትኩት። ስልኩ ላይ ያልላክኸው ካርድ አለ?»

«የዚህ ሳምንቱ አለ።»

«እንግዲያው የሚድን አለ ማለት ነው።»

አቶ ገብረኣብን ጠራቻቸው። ሽማግሌው ሙርሺዳን ይዘው መጡ። ሙርሺዳ ባንኩ ጋ ደውላ ያልተላኩትን ካርዶች ወዲያው አስዘጋች። ከዚያ ኤልሻዳይ በራሱ እግር፣ ስልኩን በእጁ ይዞ፣ በሁለቱ መሃል ሆኖ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። በር ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ጽጌረዳውን አየ። ጥሩወርቅ ጠልታው እንደሁ ኋላም ለራሷ አልታወቃትም፤ ጣቢያ ግን ምሳ ትልክለት ነበር።

ያዳገታት ቀጣዩ መንገድ ነው። ሚዛን የምትኖረው ካሳራኒ ነው። ጥሩወርቅ ሽማግሌ ይዛ መሄድ እንዳለባት ታውቃለች፤ የሰው ስም አጥፍቶ በስልክ ይቅርታ የለም። ከአቶ ገብረኣብ ጋር ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ተጣበው ተቀመጡ።

«በድሮው ደንብ ድንጋይ ተሸክሜ ነበር መሄድ ያለብኝ» አለች።

«ተይው። ረዳቱ ለድንጋዩም ያስከፍለናል።»

ከሳቀች ሳምንት ያለፋት ሴት ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። ሽማግሌው በመስኮት ወደ ቲካ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሲያዩ ቆዩ።

ሚዛን በሩን ከፍታ ሁለቱን ስታይ ፊቷ አልተለወጠም። ወንበር ሰጠቻቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው። ጥሩወርቅ ወንበሩን ትታ ተንበረከከች፤ ሚዛን ደንግጣ ክንዷን ያዘች።

«ይነሱ እትዬ፣ ምን ነካዎት?»

«እኔ ነኝ የበደልኩሽ። አንቺ እንዳልሆንሽ ሳላጣራ፣ በለቅሶው አላለቀሰችም ብዬ ያዝኩብሽ። ይኸው ነው እውነቱ፤ ከዚህ የሚሻል ምክንያት የለኝም።»

ሚዛን ጎትታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። ስትናገር ድምጿ ሻከረ። «ሦስት ቀን ስንት ሰው መጣ? ድንኳኑ ሞልቶ መንገድ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ረታ ቤት መጥተን ጦማችንን ተመለስን ሊሉ ነው ብዬ ከማድ ቤት አልወጣሁም። ሽንኩርት እየላጥኩ ነው ያለቀስኩት። ማን ይለየዋል?»

አቶ ገብረኣብ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ጓለይ» አሉ በቋንቋቸው፣ «ልጄ፣ ምን ይደረግልሽ? ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም።»

«ስሜ የጠፋው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ነው» አለች። «እዚያው ይነሳ።»

«ይነሳል» አለች ጥሩወርቅ።

«ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ካርድ ከእንግዳ እጅ አይወጣም። ማሽኑን እኔ ወደ ጠረጴዛው እወስዳለሁ።»

ጥሩወርቅ አመነታች። የረታ ደንብ ነው የተነካው። «እጁ ወጥ እንደነካውስ?»

«ውሃውንም እወስድለታለኋ። እናቶቻችን እንግዳ ሲያስታጥቡ መታጠቢያ ፍለጋ ያስነሱት ነበር እንዴ?»

«ረታ ይህን ቢሰማ እኔ ነኝ ያሰብኩት ይል ነበር» አሉ አቶ ገብረኣብ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጥሩወርቅ ደጁ ላይ፣ ወሬው በተወራበት ዛፍ ሥር ቆመች። ሕዝብ ፊት ተናግራ አታውቅም። ነጠላዋን እየጠመዘዘች የሆነውን ነገረቻቸው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች፣ የሚዛንን ስም ሦስት ጊዜ ጠራች። አንዲት ሴትዮ፣ ከሁሉ በፊት ያወራችው እሷ ነበረች ይባላል፣ መጥታ ሚዛንን ጉንጯን ሳመቻት። ሚዛን ተሳመች፤ አልሳመቻትም። ለዚያ ቀን እሱም በቂ ነበር።

ሰኞ ሙርሺዳ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር መጣች። በልተው ሲጨርሱ ሚዛን ጆግና ሳፋ፣ ትከሻዋ ላይ ፎጣ፣ በሽርጧ ኪስ ማሽኑን ይዛ መጣች። ውሃው ለብ ያለ ነበር። ሙርሺዳ ታጥባ፣ እጇን አድርቃ፣ ካርዷን ራሷ ማሽኑ ላይ አስጠጋች፤ ድምፁን ሲሰጥ ባልደረቦቿን ቀና ብላ አየቻቸው፣ ቤቱን የሠራችው እሷ ይመስል።

የረታ ሙት ዓመት የዋለው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። በጓሮው ድንኳን ተተከለ፣ ሰው ሞላ። ሚዛን እንደ ልማዷ ሽርጥ ልታስር ስትነሳ ጥሩወርቅ ከእጇ ወሰደችባት።

«ዛሬ አንቺ ድንኳን ውስጥ ነሽ» አለቻት።

ራሷ ማድ ቤት ገብታ እጅጌዋን ሰብስባ ሰሃን ማጠብ ጀመረች። በመስኮቱ በኩል ድንኳኑ ይታያል። ሚዛን ከአቶ ገብረኣብ ጎን ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ታለቅሳለች። ሽማግሌው ውሃ አቀበሏት። ጥሩወርቅ አንዱን ሰሃን ደጋግማ አጠበችው፤ ከዚያ አስቀምጣው ሌላ አነሳች።