ቢጫ የተቀባው ዱር

ካርታውን የሠራችው ላሚያንግ ራሷ ናት። ታዲያ ማንን ትሳደብ? ከከተማ በመጣችበት ጀልባ ላይ ሙሉ መንገዱን ስትበግን ውላ፣ መንደሯ ቱምባንግ ሪያንግ ስትደርስ ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታወልቅ ወረቀቱን እናቷ ቤት ወለል ላይ ዘረጋችው።

እናቷ ዓሣ እየቀረፈች ነበር። መንደሩ ስሟን ከረሳው ቆይቷል፤ ሽማግሌውም ሕፃኑም «የላሚያንግ እናት» ነው የሚላት።

«እጄ ዓሣ ነው፤ አንቺው ንገሪኝ» አለች።

«ሰማያዊው፣ ጥቁር አፈራችን ጥልቅ የሆነበት ነው። ቢጫው ስስ የሆነበት።»

«ይሄ ወንዙን ይዞ የሄደው ቢጫ ምንድነው?»

«ፓሄዋን ነዋ!»

እናቷ ቢላዋዋን አቁማ አየቻት፤ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። «ያ ሰማይ ላይ የሰቀላችሁት ነገር ዓይኑን ታሟል በያቸው! አያት ቅድመ አያቶቼ ያከበሩት ዱር፣ በሬ የሚውጥ ረግረግ፣ ስስ?»

«አትሳቂ እማ፤ የሚያስቅ ነገር የለውም። ጥቁር አፈሩ ከሦስት ሜትር ካለፈ ማንም እንዳይነካው ይላል ሕጉ። ካላለፈ ለተክል እርሻ ይሰጣል። አንድ የእርሻ ኩባንያ ስጡኝ ብሏል። ኤክስካቫተሩን ወንዙ አፍ ላይ አቁሞታል፤ ስመጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ነገ የመሬት ቢሮው ሹም መጥቶ ይሁን ካለ ቦዩን ይጀምራሉ።»

ቦይ ማለት ምን እንደሆነ ለቱምባንግ ሪያንግ ሰው አይነገርም። ማዶ ያለው ዱር ቦይ ሲቆፈርበት ውሃው ፈሶ አለቀ። የቅጠልና የሥር ብስባሽ ነውና እንደዚያ የደረቀ አፈር ከሥር እሳት ይይዛል፤ ያዘና ክረምት እስኪገባ ጨሰ። የላሚያንግ አባት የሞተው ያን ጭስ ሲስብ ከርሞ ነው። ላሚያንግ ከተማ ወርዳ የሳተላይት ሥራ የተማረችውም በዚያ እልህ ነው።

የእናቷ ሳቅ ጠፋ። «እንግዲያው ለምን ቢጫ ቀባሽው?»

«ሳተላይቱ ቅጠሉን ነው የሚያየው። የዛፉን ቁመት ያያል፣ እርጥበቱን ያያል፤ የምድሩን ሆድ ግን አያይም። ስለ ሆዱ የምንነግረው እኛ ነን፤ ሰው የብረት ዘንግ ይዞ ሄዶ፣ ምድሩን ወግቶ፣ ለክቶ ሲመጣ። ፓሄዋን ውስጥ ሦስት ቦታ ተለካ ተባለ፤ ሦስቱም ስስ ነው ተባለ። ለካኞቹን ይዘሽ የሄድሽው ደግሞ አንቺ ነሽ!»

እናቷ ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ካርታው ላይ ያርፋል፤ ሁለቱም አልጠረጉትም።

«አላስገባኋቸውም» አለች በመጨረሻ።

«ምን?»

«ምን ይባላል ታዲያ! ፓሄዋን ውስጥ እንጨት አይቆረጥም፣ ደም አይፈስም፣ ምድሩ በብረት አይወጋም። ጠባቂዋ ማናት? እኔ። ያን ሁሉ ጎረምሳ ብረት አሸክሜ ላስገባልሽ? ዳር ላይ፣ አባቶቻችን በእጃቸው የቆፈሩት አሮጌ ቦይ አጠገብ አስወጋኋቸውና ‹በቃ፣ ገብታችኋል› አልኳቸው። አለቃቸው እንደሆነ አልቅት ፈርቶ ከጀልባው አልወረደም።»

«እማ! ቦዩ አጠገብ ያለውማ ደርቆ የሰመጠ ነው! እሱ ስስ ነው! ያ ሰነፍ ደግሞ ጀልባው ላይ ቁጭ ብሎ የልኬት ነጥቦቹን ወረቀቱ ላይ ዱሩ መሀል ተክሏቸዋል፤ እኔም አምኜ …» ላሚያንግ ጭንቅላቷን ያዘች። እናቷ አንድ ስህተት፣ ሰውዬው አንድ ስህተት፣ እሷ ደግሞ በሁለቱ ላይ ቀለም ቀባችበት። «ነገ ገብቼ እኔው እወጋዋለሁ።»

«ሞክሪዋ!» እናቷ ቢላዋዋን ጣለችው። «የወጋ ሰው እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ ፓሄዋንን አይረግጥም። አንቺ ከወጋሽ ከእኔ በኋላ ማን ሊጠብቀው ነው? ያ የታመመ ዓይን?»

«ካልተወጋማ ኤክስካቫተሩ ይወጋዋል! ያኔ ምን ልትጠብቂ ነው፣ አመዱን?»

እናቷ ቢላዋዋን ከወለሉ አነሳች። ዓሣውን በሩዝ በሉ፣ ሳህኑን አጥበው ተኙ።

በነጋታው የመንደሩ አዳራሽ ጢም አለ። ሹሙ አቶ ሱጌንግ ላቡን እየጠረገ ከፊት ተቀምጧል። አጠገቡ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ የኩባንያው ሰው አለ፤ ወጣት ነው፣ ፈገግታው ከፊቱ አይወርድም። ከኋላ የመለኪያ ዘንግ ተሸካሚዎቹ ተደርድረዋል።

ላሚያንግ ተነሳች። «ካርታው ስህተት ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነው የምለውም እኔው ነኝ። ፓሄዋን አልተለካም። የተለካው ዳሩ ነው።»

«ወይ ጉድ!» አለ አቶ ሱጌንግ። «እሜቴ፣ ባለፈው ትክክል ነው ብለው ላኩልኝ፤ ዛሬ ስህተት ነው ይሉኛል። የቱን ልመን?»

«እኔንም አይመኑኝ። ዘንጉ ይኸውና፣ ዱሩ ያውና። አሁን ይለካ።»

የኩባንያው ሰው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሳ። «እኛ የአገሩን ባህል እናከብራለን» አለ፤ ድምፁ ማር ነው። «ፓሄዋን እንደማይወጋ ሰምተናል። አይወጋማ! እናቶቻችንን አናስከፋም። ስለዚህ ያለው ልኬት ይጽና።»

ጀልባ ነጂው ዴሄን ከበሩ በኩል ጮኸ፤ «ቦዩስ? ቦይ መቆፈር መውጋት አይደለም እንዴ?»

«ቦይ ልማት ነው፣ ወንድሜ።»

አዳራሹ በሳቅና በስድብ ተናወጠ። ላሚያንግ አልሳቀችም። ሰውዬው የእናቷን ሕግ ከእናቷ እጅ ወስዶ በራሷ በእናቷ ላይ በሩን ዘጋበት። ወደ እናቷ ዞረች። የላሚያንግ እናት ቀስ ብላ እየተነሳች ነበር።

«ልጄ፣ ስምህ ማነው?» አለችው። «ተወው፣ አልፈልገውም። ባህሌን የምታከብርልኝ አንተ ነህ? ማዶ ያለው ዱር ሲነድ፣ ባሌ ደም ሲተፋ፣ ያኔ የት ነበር ያ ማክበርህ? ሕጉ የእኔ ነው። ሲጠበቅም በእኔ ነው፤ ሲሰበርም በእኔ ነው። የሚከፈለውንም እኔ እከፍላለሁ። አንተ ግን ከእኔ ተውሰህ እኔኑ አትመታበትም!» ወደ ዘንግ ተሸካሚዎቹ ሄዳ ከአንዱ ትከሻ ላይ ዘንጉን መንጭቃ ወሰደችው። «ተነሱ። አቶ ሱጌንግ፣ አልቅት ይፈራሉ?»

«ኧረ እኔስ …» አለ አቶ ሱጌንግ፤ ሰው ሁሉ ሲያየው ጊዜ ሱሪውን ጠቀለለ።

በጀልባ ተሻግረው፣ ጉልበታቸው ድረስ እየሰመጡ ዱሩ መሀል ገቡ። ላሚያንግ እናቷን ክንዷን ያዘቻት። «እማ፣ እኔ ልውጋው። ቢጫ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«ዞር በይ።»

«እማዬ፣ እባክሽ! ዳግመኛ አትገቢም እኮ!»

«ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?» አንገቷ ላይ የነበረውን ቀይ ጨሌ አውልቃ ልጇ አንገት ላይ አጠለቀችው። «ላሚያንግ ማለት ይኸው ነው፤ ስምሽን ያወጣሁልሽ በዚህ ጨሌ ነው። ከአሁን በኋላ ጠባቂዋ አንቺ ነሽ። ጠባቂ ደግሞ አይወጋም። እጅሽን ሰብስቢ።»

ለምድሩ ሩዝ በተነች፣ ውሃ ረጨች። ነፍሷ እንድትጠነክር የገጀራዋን ብረት ነከሰች። ከዚያ ዘንጉን በሁለት እጇ ይዛ ወጋችው።

ገንፎ ውስጥ እንደሚገባ ማንኪያ ሰመጠ። ሰዎቹ ቀጣዩን ዘንግ ጫፉ ላይ ቀጥለው አጠበቁላት፤ ሰመጠ። ሌላ ጨመሩ፤ ሰመጠ። ሦስት ሜትሩ ሲያልፍ ነጭ ሸሚዙ ፈገግታውን ዋጠ። አሁንም ጨመሩ፣ አሁንም ወረደ፤ የላሚያንግ እናት ፊቷ በላብ ታጥቦ፣ ማንንም ሳታስጠጋ ገፋችው።

«ሌላ አምጡ!»

«አለቀ እናታችን» አለ ተሸካሚው ባዶ እጁን እያሳየ።

አቶ ሱጌንግ ጎንበስ ብሎ የዘንጉን ጫፍ አየ፤ ከጭቃው ላይ የቀረው ስንዝር አይሞላም። «ታዲያ ስንት ብዬ ልመዝግብ?»

«ታቹን አልደረስንበትም ይበሉ» አለችው።

«እናት፣ የካርታው ማሽን ቁጥር ካልሆነ አይቀበልም እኮ።»

«ማሽኑን ለእኔ ይተውልኝ» አለች ላሚያንግ።

የኩባንያው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ጉድጓድ ማስረጃ አይሆንም።»

«እውነቱን ነው» አለች የላሚያንግ እናት። «ውሸቱ ሦስት ቦታ ነበር፤ እውነቱም ሦስት ቦታ ይሁን። ከወጋሁ ወዲያ ምን ቀረብኝ?» ሁለት ቦታ ደግማ ወጋች፤ ሁለቱም ቦታ ዘንጉ አለቀ። አቶ ሱጌንግ እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሞ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ እየዘረጋ መስመር ፈልጎ ደወለ፤ ኤክስካቫተሩ ወንዙን ይዞ ወደ መጣበት ይውረድ አለ።

መንደርተኛው እልል አለ። የላሚያንግ እናት ግን እጇን በረግረጉ ውሃ ታጠበች፤ ዱሩ መሀል የቆመውን ትልቅ ዛፍ አንዴ ዳበስ አደረገችው፤ ከዚያ ሳትዞር ወጣች። ላሚያንግ ከኋላዋ እያለቀሰች ተከተለቻት።

በበጋው ላሚያንግ አዲሱን ካርታ ይዛ መጣች። ፓሄዋን ድፍን ሰማያዊ ነው። እናቷን ቤት አጣቻት። ዴሄን በጀልባው ወሰዳት፤ እናቷ ዱሩ መግቢያ ላይ፣ ከድንበሩ አንድ እርምጃ ወዲህ፣ የቅጠል ዳስ ሠርታ፣ ገጀራዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ዓሣ ማጥመጃዋም ምጣዷም እዚያው ነው።

«እማ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እንዳልገባ ነው እንጂ እንዳልቀመጥ ማን ከለከለኝ?» ካርታውን ተቀብላ ሰማያዊው ላይ ጣቷን አሳረፈች። ብዙ አየችው። «ያ ትልቁ ዛፍ የታለ?»

«ከዚያ ከፍታ አንድ ዛፍ ብቻውን አይለይም፣ እማዬ። ስገባ አይቼልሽ እመጣለሁ።»

«እይልኝ» አለች፤ ካርታውንም መለሰችላት። «ያ ዓይን በላያችን የሚያልፈው መቼ ነው?»

«ነገ ረፋድ ላይ። ለምን?»

የላሚያንግ እናት የዳሱን ቅጠል በገጀራዋ መግፈፍ ጀመረች። «ጣሪያውን ላንሳው። እዚህ ሰው የለም ብሎ እንዳይነግራቸው።»