ከቤት ለማይወጣ ሰው ላፕቶፕ

የጥርስ ቴክኒሻኗ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ የፀጉር ያህል ስሕተት አታልፍም። ከሥራ ውጭም ያው ናት፤ አንድ ድስት ለመግዛት ገበያውን ታዳርሳለች፣ ሻጮች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «መጣች» ይባባላሉ። የታናሽ ወንድሟ ኮምፒዩተር ጢስ ተፍቶ ጸጥ ሲል ምትኩን የመምረጡ ጣጣ እሷ ላይ ወደቀ። ወንድሟ እንደሆነ ከቤት አይወጣም።

ዘመድ አዝማዱ «መነኩሴው» ይለዋል። እናታቸው ካረፈች ወዲህ የግቢውን በር ሲሻገር ያየው ዘመድ የለም። መጀመሪያ ሐዘን ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ስንፍና ነው ተባለ፣ በኋላ ሁሉም ሰለቸውና ምንም መባሉ ቀረ። እጁ ግን ሥራ አልፈታም። ቀን ቀን ገና ያልተገነቡ ቤቶችን ተገንብተው እንደሚታዩት አድርጎ ለአርክቴክቶች በኮምፒዩተር ይሠራል፣ ሲመሽ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ሩቅ ካሉ ሰዎች ጋር ጌም ይጫወታል። የውጭውን ጉዳይ፣ ከሳሙናው እስከ ካልሲው፣ የምትጨርስለት እህቱ ናት።

የሚፈልገውን ዕቃ በስልክ ላከላት። ዴስክቶፕን ተክቶ የሚሠራ ትልቅ የጌም ላፕቶፕ ነበር። ኮምፒዩተር የሚጠግንና የሚሸጥ ሰው ሱቅ ሄደች፤ ጠጋኙ ዕቃውን ከመደርደሪያ ሲያወርደው በሁለት እጁ ነው።

«እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አላት ክዳኑን እየከፈተ። «ጉልበቱን ካልሽ በሬ ነው። ስክሪኑ ሰፊ፣ ቀለሙ የማይዋሽ፣ ኪቦርዱ ለጣት የሚመች። ግን ላፕቶፕ የተባለው ለስሙ ነው። ጭንሽ ላይ ብታደርጊው ይለበልብሻል። ጌም ሲከፈትበት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል። ከሶኬት ከነቀልሽው ደግሞ ባትሪው አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይልሽም። ቻርጀሩን እይው፣ ጡብ እኮ ነው።»

«ዴስክቶፕስ?»

«በዚሁ ዋጋ ከዚህ የበለጠ እገጥምለታለሁ። አይግልም፣ አይጮኽም፣ ነገ ግራፊክስ ካርዱ ቢያረጅ ነቅለን ሌላ እንሰካለታለን። የዚህኛው ግን ከውስጠኛው ዋና ሰሌዳ ጋር የተበየደ ስለሆነ አብሮ ነው የሚያረጀው። ይዞት የሚዞር ሰው ከሆነ ደግ። ከቤት ለማይወጣ ሰው ግን ፈረስ ገዝቶ ሳሎን ውስጥ እንደመጋለብ ነው።»

ሳቀች። ጠጋኙ ለአንድ ቀን ሞክረው እንዲመልሱት ስለፈቀደላት ላፕቶፑን አቅፋ ወጣች። ቤት ስትደርስ ክንዷ ዝሎ ነበር። ልማዷ ነውና መጀመሪያ ሚዛን ላይ አወጣችው፤ ከነቻርጀሩ ደህና ሆኖ የተወለደ ሕፃን ያህላል።

ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ከቤቶቹ አንዱን ከፈተበት። በድሮው ኮምፒዩተር ምሳ ተበልቶ እስኪነሣ ድረስ ተስሎ የማያልቀው ሥዕል ዓይኗ እያየ ተጠናቀቀ፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል፣ የመጋረጃው ጥላ ግድግዳው ላይ አለ። «ይሄስ ጉድ ነው» አለች። ወዲያው ማራገቢያው ማጓራት ጀመረ።

«ሰማህ?» አለችው ድምፁን ለመብለጥ ጮክ ብላ። «ጠጋኙ እውነቱን ነው። ዴስክቶፕ ይሻልሃል።»

«ላፕቶፑን ነው የምፈልገው።»

«ለምን ብለህ?»

«ቦታ አይዝም።»

«ቦታ ምን አነሰህ? ክፍሉ በሙሉ ያንተ ነው።»

«መብራት ሲጠፋ—»

«ባትሪው አንድ ሰዓት እንኳ አይቆይም ብሏል እኮ ሰውየው። አንተ ልጅ፣ ምን ትደብቀኛለህ?»

ወንድሟ ክዳኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። የማራገቢያው ድምፅ ሲሞት ቤቱ ጭር አለ።

«ይዤው ልሄድ ነው» አለ።

በትክክል የሰማች አልመሰላትም። «የት?»

«ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል። አብራኝ የምትጫወት ሴት አለች፣ በጌም ስሟ ድልድይ እንላታለን። ኩላሊቷ ከሥራ ውጭ ከሆነ ቆይቷል፣ በእጥበት ነው ያለችው። የኔ ከሷ ጋር ይስማማል ተባለ። አንዱን ልሰጣት ነው። ከዚያ በኋላ እስካገግም እዚያው ከተማ እሰነብታለሁ፣ ሥራዬን ደግሞ ማቆም አልችልም።»

የሚጠየቀው ብዙ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ትንሹ ሆነ።

«ማን ነው ይስማማል ያለው? ደም ሳይሰጡ እንዴት ይታወቃል?»

«ሰጥቻለሁ።»

«የት?»

«እዚያው ሆስፒታል ሄጄ ነዋ፣ እታለም። ተመላልሻለሁ። አንቺ ሥራ ስትሄጂ እወጣለሁ፣ ሳትመጪ እገባለሁ።»

ኩላሊቱም፣ ያቺ ስሟ እንኳ በቅጡ የማይታወቅ ሴትም ለጊዜው ከሐሳቧ ጠፉ። መውጣቱ ብቻ ቀረ። እሷ በር ላይ ቆማ «እስከ ጥግ ድረስ ብቻ ና፣ እጅህን እይዝሃለሁ» እያለች የለመነችው ልጅ፣ ብቻውን አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ከተማ ደርሶ ይመለሳል።

«ትወዳታለህ?» አለችው በመጨረሻ፤ ሌላ የሚያስረዳት ነገር አጥታ።

«በእናታችን ዕድሜ ናት። ዳቦ ጋጋሪ ናት።»

«ታዲያ ለኔ እንዴት አትነግረኝም?»

«ብነግርሽ ደስ ይልሽ ነበራ። ደስ ብሎሽ ሳለ በማግስቱ በሩ ላይ ደርሼ ብመለስስ? የኔን መመለስ እችለዋለሁ። ያንቺን ፊት ማየት ነው ያቃተኝ።»

ያኔ ንዴቱ መጣ፤ ታምቆ የኖረ ነገር ገንፍሎ ወጣባት። «ሥራ እኮ መልሻለሁ በአንተ ምክንያት። የላብራቶሪ ኃላፊ ሁኚ ተብዬ፣ ከነቤቱ፣ እዚያው አሁን ሄድኩበት በምትለኝ ከተማ። አይመቸኝም ብዬ መለስኩ።»

አሁን መደንገጥ የእሱ ተራ ሆነ። «የምን ሥራ? ለኔ መቼ ነገርሽኝ?»

እሷም ደብቃው ኖራለች። አንዱ የሌላውን ጓዳ ሳያንኳኳ የከፈተ ይመስል መተያየት አፈሩ።

እሷ የቻርጀሩን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከባድ ነገር እንዳታነሣ አላሉህም?»

«ብለውኛል።»

«ታዲያ ይሄን ጉድ ማን ሊሸከምልህ ነው?»

የላፕቶፑን ክብደት በእጁ ሞከረ።

«እኔ ነኛ» አለች። «ነገ ሄደን እንከፍላለን። አብረን።»

በማግስቱ የግቢውን በር ሲከፍት እጇን ሳታስበው ዘረጋች። አልያዘውም፤ አስፋልቱን ግራና ቀኝ አይቶ ተሻገረ። ጥጉ ላይ ያለው ባለሱቅ «ዛሬ ደግሞ ከእህትህ ጋር ነህ?» አለው። እህቱ ወደ ባለሱቁ ዞረች።

«ታውቀዋለህ?»

«የኔ ደንበኛ አይደል እንዴ? መንገድ ሲሄድ ውኃ የሚገዛው ከኔ ነው።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ» አለ ባለሱቁ።

ጠጋኙ መነኩሴውን በአካል ሲያይ ትናንት ያመጣው ክርክር ሁሉ ጠፋው። «ፈረሱ ሜዳ አገኘ» ብሎ ብቻ ላፕቶፑን በስፖንጅ ጠቅልሎ ሰጣቸው። ሆስፒታሉ ያለበት ከተማ ድረስ የተሸከመችው እሷ ናት።

ቀዶ ሕክምናው ረጅም ነበር። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ በር በተከፈተ ቁጥር እየተነሣች፣ ቡና እየገዛች ሳትጠጣው እየቀዘቀዘባት ጠበቀች። በኋላ ሐኪሟ ጭምብሏን ወደ አገጯ አውርዳ መጣችና ሁለቱም ደህና መሆናቸውን፣ ኩላሊቱም በአዲሱ ቤቱ ሥራ መጀመሩን ነገረቻት። የቀዘቀዘውን ቡና አንሥታ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ ክፍል እንድትገባ ፈቀዱላት። ትራስ ተደግፋ የተቀመጠች፣ ፊቷ የገረጣ፣ ድምፅዋ ግን ክፍሉን የሚሞላ ሴት ናት። እህትየዋ ምን እንደሚባል ጨንቋት ቆመች።

«ነይ አጠገቤ ቁጭ በይ፣ ልጄ» አለች ሴትየዋ። «እኔ አንቺን ይቅርታ ሳልጠይቅ መሞትን ነበር የፈራሁት።»

«የምን ይቅርታ?»

«መጀመሪያ ከቤት እንዴት እንደወጣ ነግሮሻል?»

«ለምርመራ ነው የወጣው፣ አይደል?»

«አይደለም። ኩላሊት የሚባል ነገር ሳይነሣ ነው። እኔ እጥበት ላይ ተኝቼ ሰዓቱ አልገፋ ሲለኝ በስልክ ያጫውተኝ ነበር። አንድ ቀን ‹እኔ እዚህ ታስሬ አንተ ለምን ትታሰራለህ፣ ተነሥና በኔ ፈንታ ሂድልኝ› አልኩት። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ተነሣ። አሁን የት ደረስክ፣ ምን ታያለህ እያልኩ አስኬድኩት። ያን ቀን ግቢው በር ላይ ደርሶ ተመለሰ። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ደግሞ እስከ ሱቁ ሄደ። እየቆየ የዛፉን ቅጠል ሳይቀር ይነግረኝ ጀመር። ለእህትህ ንገራት ስለው እሺ ይላል፣ ግን አይነግርሽም። እኔም አልገፋሁትም። እሱ ነው ጥፋቴ።»

እህትየዋ በር ላይ ቆማ ያባበለችበት፣ የተቆጣችበት፣ ያለቀሰችበት ጊዜ ሁሉ ፊት ለፊቷ ተሰለፈ። ያን ያህል ዘመን ና ስትለው ኖራለች፤ ሂድልኝ ብላው ግን አታውቅም።

ኮሪደሩ ላይ የወንድሟ ድምፅ ተሰማ። ግድግዳውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ያገኘውን ሁሉ እንዴት አደራችሁ እያለ ይመጣል። ልትደግፈው ከወንበሯ ተነሣች። ከዚያ እንደገና ተቀመጠችና እስኪደርስ ጠበቀችው።