ከምግብ በኋላ

አርብ ገበያ ላይ የነፊሳን ሱቅ የማያውቅ ሰው ቢኖር ያ ሰው እንግዳ መሆን አለበት። ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙና፣ መርፌና ክር እዚያ ነው፤ ከመደርደሪያው በስተግራ ደግሞ፣ በመጋረጃ በተከለለችው ጥግ፣ መድኃኒት አለ። መድኃኒቱን የጀመረው ባሏ ጁነይዲ ነበር። ደብረ ታቦር ላይ አንድ ድሬሰር ዘንድ ስምንት ዓመት አገልግሎ፣ ቁስል ማጠብና ክኒን መለየት ተምሮ መጥቶ ነው ሱቁን የከፈተው። እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። ነፊሳ ፊደል አልቆጠረችም፤ ነገር ግን የጣሳዎቹን ቀለም፣ የክኒኖቹን መጠን፣ ባሏ ለእያንዳንዱ በሽታ የሚናገረውን ቃል አንድ ሳታስቀር በጆሮዋ ይዛለች። ስትናገረው ዳዊት የምትደግም ነው የምትመስለው።

መድኃኒት ገዢና ጨው ገዢ አንድ አይደሉም። ጨው ገዢ ይከራከራል፣ ይሰድባል፣ ይስቃል። መድኃኒት ገዢ ግን መጀመሪያ ክብሪት ይጠይቃል። ከዚያ ሳሙና ያገላብጣል። ሱቁ ጭር እስኪል ጠብቆ ወደ መጋረጃው ጠጋ ይልና «አንድ ዘመዴን አሞት ነው» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእኛ አገር ሰው ግን በሽታውን ደብቆ መድኃኒቱን ነው የሚፈልገው። ጓዴ የሚባል የስማዳ በቅሎ ነጋዴ ስለ ወንድሙ የሆድ ሕመም ሦስት ገበያ ሙሉ ሲያወራ ከርሞ፣ ኋላ ሲጣራ ወንድም የሚባል ጭራሽ የለውም። ካሳ የሚባለው የገበያው ቀልደኛ ደግሞ ክኒኑን ሳይልስ አይገዛም። ካልመረረው «ይሄ ምኑ መድኃኒት ነው፣ አፈር!» ብሎ ይመልሳል፤ የላሰውን ማን እንደሚገዛላት እንጃ። ሴቶቹ ቀይ ይወዳሉ፣ ቀይ ክኒን ደም ይሆናል ብለው። ነፊሳ እስከ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ድረስ በዚህ ሁሉ ትስቅ ነበር።

በዚያ ዓመት ወባ ወደ ደጋው ወጣች። ድሮ የቆላ በሽታ ነበረች፤ ለሥራ የወረደ ሰው ይዟት ይመለሳል እንጂ በራሷ እግር አትመጣም ነበር። የዚያን ዓመት ዝናቡ አልቆም አለ፣ ውኃው በየጎድጓዳው ተኛ፣ እሷም ዳገቱን ወጥታ በየሰዉ ደጃፍ ተቀመጠች። አዝመራው ደርሶ አጫጅ ጠፋ። በየቤቱ ሦስትና አራት ሰው ባንድ መደብ ላይ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ክኒን በቢላዋ ለአራት የሚከፋፍል አባት ነበር። ነፊሳ «ኧረ እንዲህ ማንንም አያድንም» ስትለው «ታዲያ የትኛውን ልጄን ልምረጥ?» አላት። አራት ክኒን ሰጠችው።

እትዬ አመተ ማርያም የመጡት ዓርብ ቀን ነው፣ ገበያው ደርቶ። የመሪጌታ ገብረ ሥላሴ ሚስት ናቸው። ሱቁ ደጃፍ ላይ የቆመው ሰው ሲያያቸው መንገድ ለቀቀላቸው።

«መሪጌታ ከተኙ አምስት ቀናቸው» አሉ በሹክሹክታ። «ጠበሉ ይበቃኛል ብለው እምቢ ብለው ነበር። እግራቸው ላይ ወድቄ ነው እሺ ያሰኘኋቸው።»

ጁነይዲ የሞተ ጊዜ ከክርስቲያኑ ወገን መጥተው ሦስት ቀን ሙሉ ደጃፏ የተቀመጡ መሪጌታ ብቻ ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ሲያጉረመርሙ «ጎረቤቴ ነው፤ ቢያስፈልግ አራተኛም ቀን እቀመጣለሁ» ነው ያሏቸው። ያንን ቃል ነፊሳ እስከ መቃብሯ አትረሳውም። ማንም ይሙት፣ እሳቸው ግን እንዲድኑላት ፈለገች።

ቢጫውን ጣሳ አወረደች፤ አሥራ ሁለት ክኒን ቆጥራ በጋዜጣ ቁራጭ ጠቀለለች። ከኋላ ሰዉ ይጋፋል፣ አንዱ ላምባ፣ አንዱ ጨው እያለ ይጮኻል።

«ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ሁለት። ለሁለት ቀን ነው። በባዶ ሆድ ከሆነ ያስመልሳቸዋል፤ ከምግብ በኋላ ይሁን፣ እትዬ።»

«ከምግብ በኋላ» ብለው ደገሙ እትዬ አመተ ማርያም። ጥቅሉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

ጁነይዲ ስለዚያ ክኒን አንድ ሌላ ነገር ነግሯት ነበር። «በአንድ ጊዜ ብዙ የተዋጠ እንደሆነ ልብ ያቆማል። ይህን ግን ለበሽተኛ አትንገሪ። ፈርቶ ሳይውጥ ይሞታል።» እሷም ነግራ አታውቅም። ደግሞስ ማን አብዶ ያንን መራራ ነገር ባንድ ጊዜ ይውጠዋል?

እሑድ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ተደወለ፤ አደዋወሉ የሞት ነበር። መሪጌታ ማታውን ማረፋቸውን ነፊሳ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ሰማች። እንስራዋን አውርዳ መንገድ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች። አምስት ቀን ቆይቶ የመጣ መድኃኒት ምን ይሠራል፣ ቀድመው ቢልኩብኝ ምን ነበረበት እያለች እትዬ አመተ ማርያምን በሆዷ ወቀሰች። ሲቀበሩም ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ቆየች።

በሠልስቱ ማግስት ጠዋት ገና ሱቋን ስትከፍት እትዬ አመተ ማርያምን ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ጠጉራቸውን ተላጭተዋል፣ ፊታቸውን ነጭተውታል። ነፊሳ ልትስማቸው ስትጠጋ እጇን ያዙትና «እግዜር ይስጥሽ» አሏት።

«ምን አድርጌልዎ?»

«መድኃኒትሽ ሥቃያቸውን አቀለለላቸው። እንዳልሽኝ አድርጌያለሁ፣ አንዲት አልጎደለችም። ዓርብ ቀን እህል አልቀመሱም፤ ከምግብ በኋላ ብለሽኝ የለ? አስቀመጥሁት። ቅዳሜ ደግሞ ደክሟቸው ሲያንቀላፉ ዋሉና ወደ ማታ ትንሽ ሽሮ ቀመሱ። ያን ጊዜ የሁለቱንም ቀን አንድ ላይ ሰጠኋቸው። ከዚያ ብዙም ሳይቆዩ፣ ያለ ጭንቅ ያለ ጣር፣ እንደ እንቅልፍ አረፉ።»

«አሥራ ሁለቱንም?»

«አሥራ ሁለቱንም።»

ነፊሳ መደርደሪያውን ያዘች። «ጠዋትና ቀን ምግብ አይበሉም ነበር እንዴ?»

«በነቢያት ጾም?» እትዬ አመተ ማርያም በሐዘናቸው መሐል ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «የንስሐ አባታቸው በሽተኛ አይጾምም ቢሏቸው፣ ‘ስድሳ ዓመት የጾምሁትን ለወባ ብዬ ልፍታው?’ ነው ያሉ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውኃ እንኳ በአፋቸው አይዞርም።»

ይህን ነፊሳ አታውቅም ነበር ማለት አይቻልም። እሷ ራሷ ረመዳንን ትጾማለች። የነቢያት ጾም መግባቱንም ከቄሶቹ እኩል ነው የምታውቀው፤ በዚያ ሳምንት የኑግ ዘይቷ በሽሚያ ያልቃል። ዓርብ ዕለት እንኳ ለእትዬ አመተ ማርያም ቆጥራ ሳትጨርስ ለሦስት ሰው ዘይት ቀድታ ነበር። በአንድ እጇ የጾም ዘይት እየቀዳች በአፏ ለጾመኛ ቤት «ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ከምግብ በኋላ» አለች። የጁነይዲን ቃል እንዳለ ይዛው ነበርና እንዳለ ተናገረችው።

«አሁን ደግሞ ዘነበች ተኛች» አሉ እትዬ አመተ ማርያም። «ከቀብር ስንመለስ ነው ያንቀጠቀጣት። ያንኑ መድኃኒት ስጪኝ።»

ዘነበች አንዲት ልጃቸው ናት። ነፊሳ ጣሳውን አወረደች፤ ሁለት ጊዜ ቆጥራ ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። እውነቱን ብትናገር ምን እንደሚከተል ታውቃለች። «እስላሟ መሪጌታን ገደለች» የምትል ቃል ከዚህ ደጃፍ ከወጣች እስከ ንፋስ መውጫ ለመድረስ አንድ ገበያ አይፈጅባትም። ሱቁም ጣራውም እሷም አይተርፉም። ፈራች፤ ፍርሃቷንም ለራሷ አልደበቀችም። ዋሽቼ ባድናትስ ብላ አሰበች።

«ይሄኛው ሌላ ነው፣ እትዬ። ይሄን ጠዋት ሁለት፣ ቀን ሁለት፣ ማታ ሁለት፤ አንድ ላይ አይሰጥም። በየሰዓቱ እህል ትቅመስበት።»

«ያው ቢጫው ጣሳ አይደለም?»

«ጣሳው ነው እንጂ...»

«ደግሞስ አባቷ ሳይፈቱ ሞተው እሷ በሠልስታቸው ማግስት ጾም ትፍታ? እሺም አትል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሰጣታለሁ፤ አባቷ እንደዋጡት ትውጠዋለች። እንዲያው ሞት ካልቀረ በእንቅልፍ ይሁንላት።» እጃቸውን ዘረጉ።

ነፊሳ ጥቅሉን ጨብጣ ቀረች። በመሐላቸው ከአንዲት የሳሙና ሣጥን በቀር ምንም አልነበረም። ዝም ብላ ብትሰጣቸው ማንም ምንጊዜም አያውቅባትም፣ ወባ ገደለቻቸው ተብሎ ያልፋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይቺ እውነት ግን ማደር አትችልም፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መጥራት አለባት።

«እትዬ፣ አብሮ ከተዋጠ ይገድላል።»

እትዬ አመተ ማርያም አልገባቸውም።

«ይሄው ራሱ መድኃኒቱ ነው» አለች ነፊሳ። «ያው ነው። ሁለት ሁለቱን ከሆነ ያድናል፣ አንድ ላይ ከሆነ ልብ ያቆማል። መሪጌታን ወባዋ አልገደለቻቸውም። እኔ ነኝ። ይጾማሉ ወይ ብዬ አልጠየቅሁዎትም።»

ነፊሳ ጩኸት ጠበቀች፤ ኡኡታውን ሰምቶ ገበያው ሲገለበጥ ታያት። እትዬ አመተ ማርያም ግን አልጮኹም። የተዘረጋውን ቀኝ እጃቸውን ወደ ፊታቸው መልሰው፣ መዳፉን ገልብጠው፣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አዩት።

«ይሄ ነው ያጎረሳቸው» አሉ። «ራሳቸውን በግራ ክንዴ ደግፌ፣ ሁለት ሁለት እያደረግሁ። አራተኛው ላይ ‘አመተ ማርያም መረረኝ፣ ይብቃኝ’ አሉኝ። ‘ግድ የለም፣ ለመዳን ነው፣ ይዋጡ’ አልኋቸው። አፋቸውን ከፈቱልኝ።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እትዬ! እርስዎ ምን...»

«ብትጠይቂኝማ» አሉ ሳይሰሟት፣ «ይጾማሉ ወይ ብትይኝማ፣ እንዴታ ብዬ በጾማቸው እኮራብሽ ነበር።»

ክኒኑን በግራ እጃቸው ተቀብለው ሄዱ።

ዘነበች ጾሟን ፈታች። እናቷ ምን ብለው እንዳስፈቷት አልታወቀም፤ ክኒኑን ጠዋት፣ ቀንና ማታ ሁለት ሁለቱን ወስዳ በሳምንቷ ተነሣች። የነፊሳን ጣራም የደበደበ ድንጋይ የለም። ብዙ ቀን በሯን ከውስጥ ዘግታ ጠበቀች፤ የመጣ የለም። እትዬ አመተ ማርያም ለማንም አልተናገሩም። ነፊሳን አንዳንድ ጊዜ ‘ድንጋዩ በቀለለኝ’ ያሰኛት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው፣ ለእግር ቁስል ቅባት እንኳ ቢጠይቅ፣ ነፊሳ አስቀድማ «በሽተኛው ይጾማል?» ትለዋለች። ካሳ «እስላሟ ጾማችንን ልትቆጣጠርልን ተሾመች» እያለ ገበያውን ያስቅባታል። እሷ አትስቅም፤ ካልመለሰላት አትሸጥለትም።

በዓመቱ ለጥር ዘነበች ተዳረች። ነፊሳም ተጠርታ ለእስላሞቹ በተለየው ዳስ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ሆኖ ትልቁ ዳስ ወለል ብሎ ይታያል። ሙሽሮቹ ገበታ ሲቀርብላቸው ሽማግሌዎቹ «እናት ታጉርስ! እናት ታጉርስ!» አሉ። እትዬ አመተ ማርያም ተነሥተው ቀረቡ። ቀኝ እጃቸው ከነጠላቸው ሥር አልወጣም። ዘነበች አፏን ከፍታ ጠበቀች። ሰዉ «ምነው?» አለ፣ ሣቀ፣ ደስታ ነው አለ። በግራ እጅ ማጉረስ ነውር ነው። እትዬ አመተ ማርያም የልጃቸውን ግንባር ስመው፣ ሳያጎርሱ ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ምን ሆነው ነው እያለ ተጠያየቀ። ነፊሳ ግን ማንንም አልጠየቀችም፤ የቀረበላትን ምግብ ገፋ አድርጋ፣ ሻሿን አጥብቃ ከዳሱ ወጣች።