ጨርቅ የጎረሰች ሞተር

«አባዬ፣ ሐሳቤን ቀየርኩ» አለ ልጁ በመስኮቱ በኩል። «ስፖርት ትሁን።»

አባትየው ከሞተሯ ጎን ቁጢጥ እንዳለ ቀና አለ። ትናንት ከሰዓቱን ሙሉ ሲታገል የዋለው ከፍ ያለ መሪ ሊያስርላት ነበር። ከፍ ያለ መሪ የፈለገው ደግሞ ይኸው ልጅ ራሱ ኔክድ ትሁን ስላለ ነው። ኔክድ የሚሏት ልብስ የሌላት፣ ሆድ ዕቃዋና አጥንቷ ከውጭ የሚታይ፣ ነጂዋ ቀጥ ብሎ የሚቀመጥባት ሞተር ናት። ስፖርት የሚሏት ደግሞ ከግንባሯ እስከ ጎኗ በፕላስቲክ ተሸፍና፣ ነጂዋን በደረቱ የቤንዚን ታንኩ ላይ አስተኝታ የምትከንፈዋ ናት።

«ትናንት ኔክድ አላልክም እንዴ?»

«ትናንት ትናንት ነው።»

«መሪውን ልፍታው ማለት ነው?»

«ፍታው።»

ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን ወርውሮ «መጀመሪያ ከራስህ ጋር ተስማምተህ ና» ብሎ ያባርረው ነበር። አሁን ግን ፊቱ ላይ የመጣውን ፈገግታ ለመደበቅ አቀርቅሮ ብሎኑን ያላላ ጀመር። ሐሳቡን የሚቀይር ሰው ሐሳብ አለው። ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ ምሳ ሲቀርብለት ይበላል። በዚህ ቤት አሁን ከዚህ የበለጠ የሚፈለግ ነገር የለም።

ሰፈሩ አባትየውን «ዳኛው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በሥራው ነው። የተሰባበረች ሞተር በጭነት መኪና ተጭና ስትመጣለት አንዴ ይዞራታል፣ እዚህም እዚያም ያንኳኳታል፣ ከዚያ ይፈርዳል። «ትድናለች» ካለ ትድናለች። «አልቃለች» ካለ ደግሞ ባለቤቷ ቢያለቅስ፣ ቢለማመጥ፣ ዘመድ አዝማድ አስከትሎ ቢመጣ ቁልፍ አያነሳላትም። በማትድን ሞተር ላይ እጁን አሳርፎ አያውቅም። ልጁ በዚሁ ግቢ ዘይትና ቤንዚን እየሸተተ ያደገ ነውና ይህን ከማንም በላይ ያውቃል።

ልጁ ደግሞ «ሽው» ነበር። አጠገብህ ቆሟል ብለህ ዞር ስትል ሽው ብሎ የለም። ከአደጋው ወዲህ ግን በዚህ ስም የሚጠራው ጠፋ። ጓደኞቹ ሊጠይቁት ሲመጡ «ሽ...» ብለው ይጀምሩና ምላሳቸውን ነክሰው «ወንድሜ» ይሉታል። እያደር መምጣቱንም ተዉት።

አደጋው ብዙ ወሬ የለውም። ኩርባው ላይ አሸዋ ፈስሶ ነበር፤ በቃ። የሚካሰስ የለም፣ የሚረገም የለም፤ አሸዋን ማን ፍርድ ቤት ያቆመዋል? ሞተሯ ተንሸራታ የመንገዱን ዳር ግንብ መታች። ልጁ ከእሷ ቀድሞ ግንቡ ጋ ደርሶ ነበር።

ሐኪሙ አባትና እናቱን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «እግሮቹ አይመለሱም» አላቸው። «ቀስ ብላችሁ ንገሩት።» እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። ዳኛው ግን በሐኪሙ አነጋገር ውስጥ የራሱን ድምፅ ሰማ። እሱም «አልቃለች» ሲል እንዲሁ ነው፤ አይጮህም፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ስለዚህ አመነው። ክፉው ነገር ይኸው ነበር። እናትየው ላለማመን ቀን ከሌት ትታገላለች። እሱ ግን እዚያው ኮሪደር ላይ አንዴ አመነና ተስፋው ተሟጠጠ።

ደግሞስ ቀስ ተብሎ የሚነገረው እንዴት ነው? ዛሬ ግራ እግሩን፣ ነገ ቀኝ እግሩን?

ወደ ቤት ሲያመጡት አልጋውን መስኮቱ ሥር አደረጉለት፤ ከዚያ ሆኖ ጋራዡ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጁ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አይበላም፣ አይናገርም፣ ሲነኩት አይወድም። እናቱ ማንኪያ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፣ ታሞቀዋለች፣ መልሶ ይቀዘቅዛል። ዳኛው ሥራ ላይ ሆኖ ያቺን ማንኪያ በመስኮቱ ያያታል።

አንድ ጠዋት ሞተሯን ከፖሊስ ግቢ አመጡለት። ልጁ ሳያያት ሊሸፍናት ሸራ ፍለጋ ዘወር ሲል ከመስኮቱ ድምፅ መጣ።

«ፍሬሟ ተጣሟል?»

ዳኛው ሸራ ፍለጋውን ተወ። ያን ድምፅ ከሰማ ሰንብቷል።

«አልተጣመመም» አለ። እውነቱን ነው፤ አንዴ ዞሯት አጥንቷን አይቷል፤ ሞተሯ ትድናለች። ውስጡን ያንገበገበውም ይኸው ነው፤ እሷ ትድናለች። «ፕላስቲኳ ግን ዶግ አመድ ሆኗል።»

«ታዲያ ልብሷን አውልቀን ኔክድ ብናደርጋትስ?»

እናትየው ድምፁን ሰምታ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። የሰማችውም «ልብሷን አውልቀን» የሚለውን ብቻ ስለነበር «ምን? ራቁቷን ልታስኬዷት ነው?» አለች። ልጁ ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር፤ ሳል ይመስላል። ቢሆንም እናትየው ጓዳ ተመልሳ እንባዋን ስታብስ ቆየች፣ ልጁም ያን ቀን ምሳውን በላ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። ጠዋት ስፖርት፣ ከሰዓት ኔክድ። ልጁ ቢበላም ቢያኮርፍም ወሬው ይህ ነው።

«ስፖርት ላይ ስትተኛ ንፋሱ በላይህ ያልፋል» ይላል ልጁ። «አንተና መንገዱ ብቻ ናችሁ።»

«የእጅ አንጓህን ትበላዋለች። ከተማ ውስጥ ቁም ተነሳ ሲልህ ደግሞ ወገብህን...» ዳኛው ወገብ የምትለዋ ቃል ከአፉ ስታመልጥ ሰማት፤ አፉን ያዘ። «ኔክድ ይሻላል ለማለት ነው። ቀና ብለህ ሰው ታያለህ። ሰውም ያይሃል።»

«ሰው እንዲያየኝ ማን ፈለገ?»

ልጁ ወደ ኔክድ ሲያደላ ግን አባትየው ደግሞ ስፖርትን ማወደስ ይጀምራል። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ቃል ሲፈርድ የኖረ ሰው በስተርጅና ማወላወል ተማረ። ጨዋታው እንዳያልቅ ነው። ካለቀ ምን እንደሚከተል ያውቃል፤ ወደ ግድግዳው ነው የሚዞረው።

«መቼ ነው የምትነግረው?» ትለዋለች ሚስቱ ጓዳ ውስጥ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አንዱን ሲቆርጥ።»

«እንዳይቆርጥ የምታደርገውስ አንተ አይደለህ?»

ዳኛው እጁን ታጥቦ ይወጣል።

እግሩን የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ስትመጣም ልጁ ከእንግዲህ አያስቸግርም። «እህቴ፣ ግራው ላይ በርቺልኝ» ይላታል። «ማርሽ የሚቀይረው እሱ ነው።» ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ፣ ከግራ እግሩ አውራ ጣት ጋር ይሟገታል። ጣቱ ንቅንቅ አይልም። ሴትየዋ ከዳኛው ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም የታጠፈውን ፎጣ መልሳ ታጥፋለች።

በዚህ ጋራዥ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ባለቤቷ ሩቅ አገር የሄደ ወይም የሞተ፣ ብቻ ነጂ የሌላት ሞተር ዝም ተብላ አትቆምም። ቤንዚኗ ተቀድቶ ይወጣል፣ የባትሪዋ ገመድ ይነቀላል፣ እርጥበትና አይጥ እንዳይገባባት የጭስ ማውጫዋ አፍ በጨርቅ ይወተፋል። እንዲህ ያለችዋን «ጨርቅ የጎረሰች» ይሏታል። ግቢው ጥግ እንዲህ ጎርሰው የተደረደሩ ሞተሮች አሉ፤ ከዚያ ሰልፍ ወጥታ መንገድ ያየች ብዙ የለችም። ልጁ ገና ቁልፍ መያዝ ሳይፈቀድለት የተሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ጨርቅ መወተፍ ነበር። ትንንሽ ጣቶቹ ለዚያ ይመቹ ነበር።

አንድ ቀን፣ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ ዝናብ ሲሸት፣ ልጁ ቆረጠ።

«ኔክድ» አለ። «አሁን የምሬን ነው።»

«ስፖርት እኮ...»

«አባዬ፣ ስፖርት ላይ ይተኛል። እኔ መተኛት ሰልችቶኛል።» ግድግዳውን አየት አደረገ። «ቀና ብዬ መቀመጥ ነው የምፈልገው። ቀና ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ቀስ ብዬ መንዳት። ሽው ማለትም ይቅር። ጨርሳት።»

ዳኛው ማወላወሉን ትቶ ቁልፉን አነሳ። እንዲህ ተብሎ ሲለመን እምቢ የሚል አባት የት አለ? ደግሞም ባለሙያ ነው፤ ሥራ «ጨርስ» ሲባል እጁ ይፈታል። መሪውን መለሰ፣ ክብ መብራት ገጠመላት፣ የተቧጨረውን ታንክ ቀብቶ እስኪያብረቀርቅ ወለወለ። ሲሠራ ለአፍታም ቢሆን ረሳው። ማን እንደሚነዳት ረስቶ፣ አምራ ስትመጣ እያየ ደስ አለው። ሲመሽ ማካፋት ጀመረ። ሞተሯን ወደ ጣሪያው ሥር አስገባት፣ ስለ ነገው እያሰበ ዕቃውን ሰበሰበ፣ ቤት ገባ።

በማግሥቱ ጠዋት እናትየው የልጁን ትራሶች ደራርባ ቀና አደረገችው። ፀጉሩን አበጠረችለት፤ እሱም እምቢ አላለም። ዳኛው ሞተሯን እየገፋ መስኮቱ ፊት አቆማት።

ልጁ ለረጅም ጊዜ አያት።

«እንዴት ታምራለች» አለ። «መሪዋ ልክ ነው። ልክክ ነው ያለው።»

«ከፈለግህ ትንሽ ወደ አንተ እናቀርበዋለን።»

«አይ፣ እንዲሁ ይሁን።» እጆቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋ፤ ጣቶቹ የሌለ መሪ ያዙ። እናትየው ይህን አይታ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከደነች። «ዞር አድርጋት እስቲ፣ ከኋላም ልያት።»

ዳኛው ደረቱን ነፍቶ አዞራት።

የልጁ ዓይን ኋላዋ ላይ ተተክሎ ቀረ። እናትየው አንዴ ልጇን፣ አንዴ ባሏን አየች።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ቤንዚኑንም ቀድተህ አውጥተኸዋል?»

ዳኛው መጀመሪያ የተባለው አልገባውም። ከዚያ ልጁ ወደሚያይበት አየ። በጭስ ማውጫው አፍ ግራጫ ጨርቅ ተወትፏል፤ አጥብቆ፣ አሳምሮ፣ እሱ ብቻ በሚያውቅበት አወታተፍ። ትናንት ማታ የሆነው ያኔ መጣለት። ሐሳቡ ሌላ ቦታ እያለ እጁ የለመደውን ሁሉ ሠርቷል።

«ባትሪውንስ ነቅለኸዋል?»

«ዝናብ መጥቶ እኮ ነው፤ ውሃ እንዳይገባባት ብዬ...»

«ጨርቅ ስወትፍ ያደግኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ዳኛው እጁን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

«ሐኪሙ ለእኔም ነግሮኛል» አለ ልጁ። «ገና እዚያው ሳለሁ። እናንተ ኮሪደር ላይ ስትላቀሱም ሰምቻለሁ። ለመሞት ቆርጬ ነበር። ከዚያ አንተን አየሁህ፤ እኔ እንድነዳት ብለህ ቁልፍ ስታነሳ። አባቴ በማይድን ነገር ላይ ቁልፍ አያነሳም አልኩ። ሐኪሙ ተሳስቷል፣ አባቴ አይሳሳትም አልኩ።»

«ልጄ...»

«አንተን ነበር እኮ ያመንኩት።»

ዳኛው ተንበርክኮ ጨርቁን መንጭቆ ጣለው። የባትሪውን ገመድ አገናኘ፤ ብሎኑ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። ማስነሻውን ተጫነ። ሞተሯ አጓራች፣ አጓራች፣ አልነሳችም። መልሶ ተጫነ።

«ተወው» አለ ልጁ። «ቤንዚን የላትም። ባትሪዋን ትጨርሰዋለህ።» ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ትራሶቹን አውጪልኝ። ልተኛ።»

እናትየው አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ልጁ በክርኑ እየተጎተተ ወደ ግድግዳው ዞረ። እናትየው ማንኪያውን አንስታ መልሳ ስታስቀምጠው ተሰማ።

«ስፖርት እናድርጋት?» አለ ዳኛው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ። «ስፖርት ይሻላል ብዬህ አልነበር? ፕላስቲኩን ፈልጌ አመጣለሁ። መሪውንም አሁኑኑ ዝቅ አደርገዋለሁ። ምን ትላለህ?»

ልጁ ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳበ።

«ሽው» አለው ዳኛው። በዚህ ስም ጠርቶት አያውቅም ነበር።

ዝናቡ ጀመረ። ዳኛው ጥቂት ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ከመሣሪያው ሣጥን ቁልፉን አነሳና፣ ማንም ሳያዘው፣ መሪውን መፍታት ጀመረ።